በነባር ሕዝቦች ማኅበረሰብ ውስጥ ራስን ማጥፋትን የመከላከል ሥልጠና እንዴት ይዘጋጃል?

ይህ መመሪያ በካናዳ፣ በአሜሪካ ወይም በአውስትራሊያ በነርስነት፣ በማኅበራዊ ሠራተኝነት፣ በመምህርነት ወይም በምክር አገልግሎት ከነባር ሕዝቦች (አውሮፓውያን ከመምጣታቸው በፊት በአገሩ ይኖሩ ከነበሩ ሕዝቦች) ጋር ለሚሠሩና ራስን ማጥፋትን የመከላከል ሥልጠና እንዲያዘጋጁ ወይም እንዲያግዙ ለተጠየቁ ሰዎች የተጻፈ ነው። ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት፣ ሥልጠናው ራሱ ከጠቅላላው ሥራ ትንሹ ክፍል መሆኑ ነው። የሁለት ቀን ሥልጠና ሰዎች በአቅራቢያቸው ያለን የተጨነቀ ሰው አስተውለው እንዲጠይቁ ሊያስተምር ይችላል። ያ ሰው «አዎ» ብሎ ከመለሰ በኋላ ማን እንደሚቀበለው፣ ሌሊቱን ማን አብሮት እንደሚያድር፣ ከሳምንት በኋላ ማን ቤቱ ድረስ ሄዶ እንደሚያየው ግን የሚወስነው ማኅበረሰቡ ነው። ስለዚህ አብዛኛው ድካም ከሥልጠናው በፊትና በኋላ መዋል ይኖርበታል። በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተጠቀሱ ናቸው።

ይህን የሚያነቡት ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ራስዎ ተጨንቀው ከሆነ፣ ንባቡን እዚህ ላይ አቋርጠው ለሚያምኑት ሰው ይንገሩ ወይም ይደውሉ። በአሜሪካ ከ2022 ጀምሮ፣ በካናዳም ከ2023 ጀምሮ 988 የተባለው የእርዳታ መስመር በስልክም በጽሑፍ መልእክትም ያገለግላል። በካናዳ ለነባር ሕዝቦች የተቋቋመው ሆፕ ፎር ዌልነስ የተባለው መስመር በ1-855-242-3310 ሌት ተቀን ይሠራል። በአውስትራሊያ ሠርቲን ያርን የተባለው መስመር በ13 92 76 ይገኛል፤ የሚያነጋግሩትም የአቦርጂናልና የቶረስ ስትሬት ደሴቶች ተወላጆች ናቸው።

ከግብዣው ይጀምሩ

ምን እናስተምር ከሚለው ጥያቄ በፊት ማን ጠራን የሚለው ይቀድማል። በጀት ያለው አንድ መሥሪያ ቤት ሥልጠና እንዲሰጥ ስለወሰነ ብቻ ወደ ማኅበረሰቡ መሄድ ተገቢ አይደለም። የአካባቢው ምክር ቤት፣ የጤና ሠራተኞቹ፣ አዛውንቶቹና ወጣቶቹ ሥልጠናውን ይፈልጉት እንደሆነ፣ እነማን እንዲሳተፉ እንደሚሹ፣ መቼና የት ቢሆን እንደሚመርጡ መጠየቅ አለባቸው። ይህ በአንድ ስብሰባ አያልቅም፤ ማለቅም የለበትም። ብዙ ማኅበረሰቦች ከውጭ መጥቶ፣ አጥንቶ ወይም አስተምሮ፣ ከዚያ ወዲያ የማይታይ ባለሙያ አታክቷቸዋል። ስለዚህ በመጀመሪያው ውይይት ላይ ከሥልጠናው በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቆዩ ወይም እንደሚመላለሱ በግልጽ ይናገሩ፤ የማይፈጽሙትን ተስፋ አይስጡ።

አዛውንትን ምክር የመጠየቂያው ወግ ከቦታ ቦታ ይለያያል። በሰሜን አሜሪካ በሚኖሩት በክሪና በአኒሺናቤ ሕዝቦች ዘንድ ለአዛውንቱ ትንባሆ አቅርቦ መጠየቅ የቆየ ሥርዓት ሲሆን፣ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ በሚኖሩት በኢኑይት ዘንድ ግን ይህ ልማድ የለም። አንዱ ዘንድ የተማሩትን ወግ ወደ ሌላው ወስዶ መፈጸም እንግዳው ሁሉንም እንደ አንድ ሕዝብ እንደሚያይ ያሳብቅበታል። ከመሄድዎ በፊት የአካባቢውን ተወላጅ ይጠይቁ። የአዛውንቶቹም ዕውቀት እንደ ማንኛውም ባለሙያ ሥራ ሊከፈልበት ይገባል፤ ክፍያው ከመጀመሪያው በበጀቱ ውስጥ ይመደብ እንጂ የተረፈ ገንዘብ አይጠበቅለት።

ታሪኩንና የቦታውን ልዩነት ይወቁ

በካናዳ ከ150,000 በላይ ሕፃናት ከወላጆቻቸው ተወስደው ቋንቋቸውንና እምነታቸውን እንዲተዉ በሚያስገድዱ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ገብተዋል፤ የመጨረሻዎቹ የተዘጉትም ገና በ1990ዎቹ ነው። በአውስትራሊያም በመንግሥት ፖሊሲ ከቤተሰባቸው የተነጠቁት ልጆች ጉዳይ በ1997 በወጣ ብሔራዊ የምርመራ ሪፖርት ተዘርዝሯል። ይህ ታሪክ በሥልጠናው መግቢያ ላይ ተነግሮ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም። ሥልጠናው በሚሰጠው ምክር ውስጥ ሁሉ ይገባል። ለምሳሌ ብዙ የሥልጠና መጻሕፍት «አደጋ ካለ ለፖሊስ ወይም ለሆስፒታል ይደውሉ» ይላሉ። እናቷ በልጅነቷ በፖሊስ ተወስዳ ያደገች፣ ራሷም ልጆቿን የሕፃናት ጥበቃ ባለሥልጣናት እንዳይወስዱባት የምትሰጋ ሴት ይህን ምክር ስትሰማ፣ ጭንቀቷን ለማንም እንዳትናገር የሚያደርግ አዲስ ምክንያት ነው ያገኘችው። አሠልጣኙ አንድ ሰው ከደወለ በኋላ በዚያ አካባቢ በእርግጥ ምን እንደሚከተል፣ ማን በር እንደሚያንኳኳ፣ ልጆቹ ከማን ጋር እንደሚቆዩ ማወቅና ለሠልጣኞቹ በሐቅ መናገር አለበት።

ሌላው ትልቅ ስሕተት ነባር ሕዝቦችን ሁሉ ራስን በማጥፋት የተጠቁ አድርጎ ማቅረብ ነው። በካናዳዋ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ክፍለ ሀገር ማይክል ቻንድለርና ክሪስቶፈር ላሎንድ በ1998 ያሳተሙት ጥናት ወደ 200 የሚጠጉ የፈርስት ኔሽንስ (ከካናዳ ነባር ሕዝቦች አንዱ ክፍል፣ ከኢኑይት የተለዩ) ማኅበረሰቦችን ተመልክቶ ነበር፤ በተጠኑት 5 ዓመታት ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ውስጥ አንድም ወጣት ራሱን አላጠፋም። ጉዳቱ የተከማቸው በጥቂቶቹ ላይ ነበር። ተመራማሪዎቹ ልዩነቱን ሲመረምሩ፣ ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ፣ የመሬት መብታቸውን ለማስከበር የሚሟገቱ፣ ትምህርት ቤታቸውንና የጤና አገልግሎታቸውን የሚመሩ፣ የባህል ማዕከል ያላቸው ማኅበረሰቦች ወጣቶቻቸውን በራስ ማጥፋት የማጣት ዕድላቸው ዝቅተኛ ሆኖ አገኙት። በ2007 የወጣው ተከታይ ጥናት ደግሞ አብዛኛው ሰው በነባር ሕዝቡ ቋንቋ መነጋገር በሚችልባቸው ማኅበረሰቦች የወጣቶች ራስን ማጥፋት እጅግ አነስተኛ ወይም ጭራሽ የሌለ መሆኑን አሳየ። እነዚህ ጥናቶች የሚያሳዩት ዝምድናን እንጂ ምክንያትና ውጤትን አይደለም። ቢሆንም ለአሠልጣኙ የሚሰጡት መመሪያ ግልጽ ነው፤ ስለ ሞት ቁጥር ከመናገሩ በፊት በዚያ ቦታ ሰውን በሕይወት ያቆየው ምን እንደሆነ ይጠይቅ።

የሥልጠናውን ዓይነት ሲመርጡ

በስፋት የሚታወቁት ሥልጠናዎች ጥቂት ናቸው። ኪው ፒ አር በሚል ምህጻር የሚጠራው በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት መጠየቅን፣ ማግባባትንና ወደ አገልግሎት መምራትን ያስተምራል። በካናዳ ካልገሪ የተጀመረው አሲስት ሁለት ሙሉ ቀን የሚፈጅና በልምምድ ላይ የተመሠረተ ነው። በ2000 አካባቢ በአውስትራሊያ የተጀመረው የአእምሮ ጤና የመጀመሪያ እርዳታም ለአቦርጂናልና ለቶረስ ስትሬት ደሴቶች ሕዝቦች የተዘጋጀ የራሱ ቅጂ አለው። በሰሜን ካናዳ ባለችው የኑናቩት ግዛት ደግሞ አሲስት ኡቃቃቲጊሉክ በሚል የኢኑክቲቱት (የኢኑይት ቋንቋ) ስም ለኢኑይት ተስተካክሎ ይሰጣል።

እነዚህን ሥልጠናዎች የሚመርጥ ሰው ሁሉ ሊያውቀው የሚገባ አንድ ጥናት አለ። በካናዳ በማኒቶባ በአንድ የፈርስት ኔሽን ማኅበረሰብ 55 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ከፊሎቹ አሲስትን፣ ሌሎቹ ደግሞ የብርታትና የመልሶ ማገገም የጋራ ቆይታን ተካፈሉ። በ2013 የታተመው ውጤት እንደሚያሳየው ሥልጠናው የተፈለገውን ለውጥ አላመጣም፤ እንዲያውም ከስድስት ወር በኋላ ከአሲስት ሠልጣኞቹ መካከል ራስን የማጥፋት ሐሳብ ወደ መጨመር ያዘነበለ መስሎ ታይቷል። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ሥልጠናው ጎጂ ነው ብሎ መደምደም አይቻልም። እኔ ከዚህ የምወስደው ግን ይህን ነው፦ ሰው ሁሉ ሐዘንተኛ በሆነበት መንደር፣ የሌላውን ጭንቀት የመሸከም ኃላፊነትን ለሠልጣኞች ሰጥቶ ለእነሱ ለራሳቸው ደጋፊ ሳያዘጋጁ መሄድ አደገኛ ነው።

ስለዚህ አማራጮቹን ለምክር ቤቱ ሲያቀርቡ ከማኅበረሰቦቹ ውስጥ የወጡትንም አብረው ያቅርቡ። በኒው ሜክሲኮ የዙኒ ሕዝብ ከሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ከቴሬሳ ላፍሮምቦይስ ጋር ያዘጋጀው የሕይወት ክህሎት ትምህርት ለወጣቶች ስሜትን መግለጥን፣ ችግር መፍታትንና ጓደኛን መርዳትን በመደበኛ ክፍል ውስጥ አስተምሯል፤ በ1995 በታተመው ግምገማም ተማሪዎቹ የሚሰማቸው ተስፋ ቢስነት ቀንሶ ታይቷል። በአላስካ የዩፒክ ሕዝብ ቁንጋስቪክ የተባለውን መንገድ ይከተላል። በዚህ መንገድ አዛውንቶች ለወጣቶች አደንና ሌሎችን የአባቶች ሥራዎች እያስተማሩ የመኖርን ምክንያት ያጸናሉ፤ ስለ ራስ ማጥፋት በቀጥታ ማውራት ግድ አይደለም። በሰሜን ምዕራብ አላስካ መንደሮች የሚካሄደው ፒሲ ኬርስ ደግሞ አስተማሪና ተማሪ የሚለውን ክፍፍል ትቶ፣ የአካባቢው ሰዎች ራሳቸው በሚመሩት ወርኃዊ ክብ ውይይት አንድ አጭር የምርምር ውጤት አቅርቦ «ምን እናውቃለን? ምን ይመስለናል? ምን ማድረግ እንፈልጋለን?» ብሎ ይጠይቃል። አንድ ማኅበረሰብ የሁለት ቀን ሥልጠና ጠይቆ ይህን ከሰማ በኋላ ሐሳቡን ቢለውጥ፣ ዝግጅቱ ተበላሸ ብለው አይዘኑ።

ቀኑ ከመድረሱ በፊት

የቅርብ ጊዜ ሞት ካለ ሥልጠናው ይዘግይ። በብዙ የአቦርጂናል ማኅበረሰቦች በሐዘን ወቅት ሌሎች ሥራዎች ይቆማሉ፤ የሟቹን ስም መጥራትና ፎቶውን ማሳየትም ነውር ነው። አውሮፕላንና አዳራሽ ተከፍሎበታል ብሎ መግፋት እምነትን ያጠፋል። ከሐዘን ጊዜ ውጭም ቢሆን የስላይድ ሥዕሎችንና የቪዲዮ ምስክርነቶችን አስቀድመው ለአካባቢው ሰው ያሳዩ፤ በቪዲዮው ላይ ያለ ሰው ከዚያ ወዲህ አርፎ ሊሆን ይችላል። ወንዶችና ሴቶች ለየብቻ ቢነጋገሩ የሚሻልበት ቦታም አለ፤ ይህን የሚወስነው ማኅበረሰቡ ነው።

ቋንቋውም ቀድሞ ይታሰብበት። በአሜሪካ ደቡብ ምዕራብ በሚኖረው በናቫሆ ሕዝብ ባህላዊ አስተሳሰብ ክፉ ነገርን በቃል መጥራት ክፉውን ሊያመጣ ይችላል። በሌላ በኩል ስለ ራስ ማጥፋት በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ውስጥ እንደማይተክል በተደጋጋሚ ጥናት ታይቷል። ሁለቱን ለማስታረቅ መሞከር ያለበት ከውጭ የመጣው አሠልጣኝ አይደለም፤ አዛውንቶቹ ጥያቄው በምን ዓይነት አነጋገር፣ በማን አፍ ቢጠየቅ እንደሚያምር ያውቃሉ።

በአዳራሹ ውስጥ ከአሠልጣኞቹ በተጨማሪ ሌላ ሥራ የሌለው፣ ተሳታፊዎቹ የሚያውቁትና የሚያምኑት አንድ ሰው በሩ አጠገብ ይቀመጥ። ሠልጣኝ ድንገት ተነሥቶ ሲወጣ ይህ ሰው ትንሽ ቆይቶ ይከተለዋል፤ ይመለስ ብሎ አያስገድደውም፤ አጠገቡ ብቻ ይቆማል። ጸጥ ያለ ሌላ ክፍልም ይዘጋጅ፤ ማኅበረሰቡ ከፈቀደና የሚመራው አዛውንት ካለ እንደ ወጋቸው በጭስ የመንጻት ሥርዓት በዚያ ሊከናወን ይችላል። በመመዝገቢያው ጊዜ እያንዳንዱን ተሳታፊ ለብቻው አነጋግሮ በቅርቡ ሰው ያጣ ወይም ራሱ አደጋ ላይ የነበረ መሆኑን በጥንቃቄ መጠየቅና አሁን ባይካፈል ቅር የሚያሰኝ ነገር እንደሌለ መንገር ያስፈልጋል።

በሥልጠናው ጊዜ

ከሚያስተምሩት ሁሉ ከባዱ ጥያቄውን በአፍ ማውጣት ነው። ሠልጣኞች መጀመሪያ ላይ ሁልጊዜ ለማለት ወደሚቀለው ይሸሻሉ፦ «መጥፎ ነገር እያሰብህ አይደለም አይደል?» ይላሉ። ይህ ጥያቄ መልሱን ይዞ የመጣ ነው፤ የተጠየቀው ሰው «አይደለም» ብሎ ጠያቂውን ከማስደንገጥ ያድናል። «ራስህን ስለማጥፋት እያሰብህ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ሰሚው ማንኛውንም መልስ ለመቀበል መዘጋጀቱን ያሳያል። በአዛውንቶቹ ምክር የተመረጠውን አነጋገር ሁሉም ሰው ጮክ ብሎ፣ ዓይን ለዓይን ወይም ጎን ለጎን ሆኖ፣ ድምፁ መንቀጥቀጡን እስኪተው ይለማመደው። ጎን ለጎን ያልሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ በብዙ ቦታ ፊት ለፊት ተፋጦ መጠየቅ ያስፈራል፤ በጀልባ ላይ ወይም በመኪና ውስጥ ሲሄዱ የሚደረግ ንግግር ይቀላል።

ከጥያቄው ቀጥሎ ሠልጣኙ ዝምታን መቻል ይማራል። የሚያዳምጠው ሰው ለመምከር ሳይቸኩል የሕመሙን ምክንያትም የመኖር ምክንያቱንም መስማት አለበት። ብዙውን ጊዜ ሰው ሁለቱንም አብሮ ይናገራል፤ «ሁሉም ነገር በቅቶኛል» ካለ በኋላ ስለ አያቱ ያነሣል። ሠልጣኙ ያን ስም ይያዝ።

የሚና ልምምድ ሲደረግ ታሪኩ ከዚያ ቦታ እውነተኛ ሰው ጋር እንዳይመሳሰል ይጠንቀቁ፤ በትንሽ መንደር ውስጥ ዕድሜና ሙያ ብቻ ተጠቅሶ እንኳ ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ማንም የራሱን ሟች ዘመድ እንዲወክል አይፈቀድ። ልምምዱ ሲያልቅ ተጨናቂውን የተጫወተው ሰው የራሱን ስም ጠርቶ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ ቦታ ይቀይር። ስለ ሞት መንገዶች ዝርዝር አይነገር፤ ሟቾችን የማወደስም ሆነ የመውቀስ አነጋገር ይወገድ።

ምስጢርን በተመለከተ በግልጽ ይነጋገሩ። ሁሉም በሚዛመድበት ማኅበረሰብ ውስጥ ሰሚው የተጨናቂው የአጎት ልጅ ወይም አሠሪ ሊሆን ይችላል። ሠልጣኞች «ለማንም አልናገርም» ብለው ቃል እንዳይገቡ፣ በዚያው ልክ ለማን እንደሚናገሩ በስም ገልጸው ከሰውዬው ጋር እንዲስማሙ ይለማመዱ።

አደገኛ ነገሮችን ማራቅ ሕይወት እንደሚያድን ማስተማር ግድ ነው፤ አደን የኑሮ መሠረት በሆነበት አገር ግን መሣሪያ ይወሰድ ማለት ንግግሩን ይዘጋዋል። በአላስካ መንደሮች በተደረገና በ2012 በታተመ ጥናት ለቤተሰቦች የሚቆለፍ የጠመንጃ ሣጥን ሲሰጥ፣ ካልተቆለፈ መሣሪያ ጋር የሚኖሩ ቤቶች ቁጥር በእጅጉ ቀንሷል። ማንም አዳኝ ጠመንጃውን አልተቀማም። መድኃኒትም በዚሁ መንገድ ሊቆለፍ ወይም በጤና ጣቢያው ሊቀመጥ ይችላል።

የስልክ መስመሮችን ቁጥር ከመስጠትዎ በፊት ራስዎ ደውለው ያረጋግጡ። በዚያ መንደር የስልክ ሞገድ ከሌለ ቁጥሩ ብቻውን እርዳታ አይሆንም። ያለው አገልግሎት ከሚያስቡት የተሻለ ሊሆንም ይችላል፤ በዋሽንግተን ግዛት ወደ 988 የደወለ የነባር ሕዝቦች ተወላጅ 4 ቁጥርን ሲጫን የራሱ ወገኖች ያነሡለታል፤ የካናዳው ሆፕ ፎር ዌልነስም ሲጠየቅ በክሪ፣ በኦጂብዌና በኢኑክቲቱት ያነጋግራል።

ከሥልጠናው በኋላ ያለው ሥራ

በሰሜን ካናዳ በአውሮፕላን ብቻ በሚደረስባቸው ማኅበረሰቦች፣ በከባድ አደጋ ላይ ያለ ሰው ወደ ሩቅ ከተማ ሆስፒታል ይላካል። ከቀናት በኋላ ተለቅቆ ሲመለስ የነበረበት ቤት፣ የነበረው ችግር እንዳለ ይጠብቀዋል። ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ያሉት ሳምንታት ደግሞ ከሁሉ አደገኞቹ ናቸው። ስለዚህ በሥልጠናው ማብቂያ ላይ የሚሞላው ወረቀት በአውሮፕላን ማረፊያው የሚቀበለው ማን ነው፣ በመጀመሪያው ሌሊት ማን አብሮት ይሆናል፣ ነርሷ በየትኛው ቀን ታየዋለች የሚሉ ጥያቄዎችን መመለስ አለበት። ስም የሌለበት ዕቅድ ዕቅድ አይደለም።

ይህን በትልቁ የሠራ ሕዝብ አለ። በአሪዞና የኋይት ማውንቴን አፓቼ ጎሣ በ2001 ባወጣው ሕግ፣ በግዛቱ ውስጥ ራስን ለማጥፋት የተሞከረ ወይም የታሰበ ነገር ሁሉ ጎሣው ለሚመራው መዝገብ እንዲነገር ደነገገ። መዝገቡ ወረቀት ሆኖ አልቀረም፤ ለእያንዳንዱ ጥቆማ የአፓቼ ተወላጅ የሆኑ ሠራተኞች ሰውዬውን በአካል ፈልገው አግኝተው ያነጋግራሉ፤ ወደ አገልግሎትም ያገናኛሉ። ከጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበርም ማኅበረሰቡን ማስተማርን፣ የአዛውንቶችን ትምህርትና ለተጎዱ ወጣቶች የሚደረግን ክትትል አንድ ላይ አካሄዱ። ከ2001 እስከ 2006 ከነበረው ጋር ሲነጻጸር፣ ከ2007 እስከ 2012 ባሉት ዓመታት በራስ ማጥፋት የሚሞቱት ሰዎች መጠን ከ100,000 ሰው 40 ገደማ ከነበረበት ወደ 24.7 ወርዷል። አንድ ሥልጠና ብቻውን ይህን ሊያመጣ አይችልም፤ በእንዲህ ዓይነት ሥርዓት ውስጥ ሲገባ ግን ሥልጠና ቦታ ያገኛል።

ለሠልጣኞቹም ተመሳሳይ እንክብካቤ ይዘጋጅ። ቢያንስ በየወሩ ተገናኝተው የገጠማቸውን የሚነጋገሩበት፣ የሚመራቸውም ልምድ ያለው ሰው ይኑር። ከእነሱ አንዱ የደከመው ሲመስል ለጊዜው ከኃላፊነቱ ያለ ኀፍረት የሚወጣበት መንገድ አስቀድሞ ይታወቅ። የረዱት ሰው ቢሞትባቸው ደግሞ በዚያው ዕለት ቤታቸው የሚሄድ ሰው በስም ይመደብ፤ ጥፋተኝነቱን ብቻቸውን እንዳይሸከሙት። ከመጀመሪያው ዙር ሠልጣኞች መካከል ፈቃዱና ችሎታው ያላቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ለአሠልጣኝነት ማብቃትም በዚሁ ዓመት መጀመር አለበት፤ ገንዘቡም ለዚህ ይጠየቅ።

የመረጃ ጉዳይ አጭር ነው፤ ግን በቸልታ አይታለፍ። በካናዳ የፈርስት ኔሽንስ ሕዝቦች በራሳቸው ላይ የተሰበሰበ መረጃ ባለቤትነቱ፣ ቁጥጥሩ፣ ተደራሽነቱና ይዞታው የእነሱ መሆኑን ኦካፕ በሚባሉት መርሆች አጽንተዋል። ግምገማ ከማድረግዎ በፊት መጠይቁን ምክር ቤቱ ይየው፤ በትንሽ ቁጥር ምክንያት ሰው የሚለይበት ሰንጠረዥ አይውጣ። ውጤቱ ገንዘቡን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ከመላኩ በፊት በማኅበረሰቡ ስብሰባ ላይ፣ በቋንቋቸው፣ ጥያቄ ለመጠየቅ በቂ ጊዜ ተሰጥቶ ይቅረብ፤ ምክር ቤቱ እንዳይታተም ከወሰነም አይታተም።